የጥቅምት ድል ምን ይሠራል? ስለ ባለሜዳነት የቀረበ ምላሽ

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ፣ ፕሪሚየር ሊጉ ገና ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ በስፖርት ፕሮግራሞችና በጋዜጣ ዓምዶች አንድ ዓይነት ምክር ይደጋገማል። ሊጉ ገና ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተገኘ ድል ስለ ቡድኑ የሚናገረው ነገር የለም፤ ደጋፊም በዚህ ሊጨፍር አይገባም ይባላል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ተጨምሮበታል። ክለቦች ሁሉ በአንድ አስተናጋጅ ከተማ ተሰብስበው ስለሚጫወቱ፣ ባለሜዳ ማለት በመርሐ ግብሩ ላይ ስሙ ቀድሞ የተጻፈ ክለብ ብቻ ሆኗል፤ የሜዳ ድል የሚባለው ነገር ቀርቷል፣ በመቅረቱም የጎደለ የለም የሚል ነው። ሁለቱ ሐሳቦች ተደምረው ዛሬ ብዙ ሰው የሚቀበለው አስተያየት ሆነዋል። የሚያራምዱትም ኳስ የሚያውቁ፣ ሊጉ በቴሌቪዥን ታይቶ እንዲከበር የሚመኙ ሰዎች ናቸው። ክርክራቸውን ሳላቃልል ልመልስላቸው እወዳለሁ።

ከአራዳው እሪ በከንቱ ሰፈር የወጣሁ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝና ገለልተኛ ነኝ አልልም። የማነሳው ነጥብ ግን ለአንድ ክለብ የቆመ አይደለም፤ ለኢትዮጵያ ቡናም፣ ለፋሲል ከነማም፣ ለወላይታ ድቻም ያው ነው። በውድድር ዘመን መጀመሪያ በሜዳ የሚገኝ ድል መመዘን ያለበት ሰኔ ላይ ምን ይሆናል በሚለው ትንቢት ሳይሆን እዚያው ጥቅምት ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። ሥራውም ክለቡን ከወለደው ሰፈር ጋር በየዓመቱ እንደ አዲስ ማገናኘት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ጨዋታ የለም።

አስቀድሜ ትክክል የሆነውን ትክክል ነው ልበል። አንድ የደርሶ መልስ ሊግ 16 ክለቦች ቢኖሩት እያንዳንዱ ክለብ 30 ጊዜ ይጫወታል። ከአምስት ጨዋታ ተነስቶ የ30ውን ውጤት መገመት አያስኬድም። አዲስ የፈረሙ ተጫዋቾች ገና አልተግባቡም፤ በጊዜ ዝግጅት የጀመረ ደካማ ቡድን ዘግይቶ የተሰባሰበውን ጠንካራ ሊረታ ይችላል። በብሔራዊ ቡድናችንም አይተነዋል። ለ2023ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ በሁለተኛ ጨዋታው፣ ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈ፤ ማጣሪያውን ግን አላለፈም። የመጀመሪያ ሳምንታት ድል ትንቢት አይሆንም የሚሉት እስከዚህ ድረስ ልክ ናቸው።

የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ነገር ወደፊት የሚሆነውን ባያመለክት የሚሠራው ሥራ የለም ማለት አይደለም። ነጥቡን ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ ሠንጠረዡ ነጥብ የተገኘበትን ወር አይመዘግብም። በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋርና ቅዱስ ጊዮርጊስ የውድድር ዘመኑን በእኩል ነጥብ ጨርሰው ዋንጫው በጎል ልዩነት ወደ ጅማ ሄደ። የዚያን ዓመት ቁጭት የሚያስታውስ የጊዮርጊስ ደጋፊ ሁሉ የጎደለውን አንድ ነጥብ የሚፈልገው በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ብቻ አይደለም። ማንም ልብ ባላለው የመጀመሪያ ወር የባከነ ነጥብም ዋንጫ ያሳጣል። ይሁንና በሒሳቡ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ዋናው ጉዳይ ሌላ ነውና።

ባለሜዳነት ስም ብቻ ነው ለሚሉት፣ በሌሎች ሀገራት የተደረጉ ጥናቶች ሌላ ነገር ያሳያሉ። ኔቪል፣ ባልመርና ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት 40 ዳኞችን ሰብስበው አንድ የሊቨርፑልና የሌስተር ሲቲ ጨዋታ በቪዲዮ አሳዩአቸው። ገሚሶቹ የተመልካቹን ድምፅ እየሰሙ፣ ገሚሶቹ ድምፁ ጠፍቶ ጥፋት ነው አይደለም እያሉ ፈረዱ። ድምፁን የሰሙት በባለሜዳው ላይ የቆጠሩት ጥፋት ካልሰሙት በ15.5 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በስፔን ሊግ ላይ ጋሪካኖና ባልደረቦቹ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ዳኞች ባለሜዳው በአንድ ጎል ሲመራ የባከነውን ሰዓት እንደሚያሳጥሩ፣ በአንድ ጎል ሲመራበት እንደሚያረዝሙ አሳየ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የጀርመን ቡንደስሊጋ በወረርሽኙ ምክንያት ባዶ ስታዲየም ውስጥ ሲቀጥል ባለሜዳዎች የሚያሸንፉበት መጠን ጎልቶ ወረደ። ሣሩ ያው ነበር፤ የመልበሻ ክፍሉም፣ ከተማውም ያው ነበር። የጠፋው ሰው ብቻ ነው።

ይህን ያነበበ፣ «ተመልካች ዳኛን የሚያዘነብል ከሆነ፣ ማንም በሜዳው አለመጫወቱ ፍትሕ ነዋ!» ሊለኝ ይችላል። ከተቃራኒዎቼ ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው ይህ ነው። ግን ከእኛ ሊግ አሠራር ጋር አይገጥምም። በደርሶ መልስ ውድድር ሁሉም ተራ ይደርሰዋል፤ ዛሬ ያዘነበለው ነገ በመልሱ ጨዋታ ይካካሳል። በአስተናጋጅ ከተማ አሠራር ግን ውድድሩ ሐዋሳ ሲገባ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በደጋፊያቸው ፊት ይጫወታሉ፤ አዳማ ሲደርስ ለአዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ሲደርስ ለድሬዳዋ ከተማ እንዲሁ ነው። ተራቸው የማይደርስ ክለቦች ግን ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆነው ይከርማሉ። እነዚህ ከተሞች ሜዳ አዘጋጅተው ሊጉን ከመቆም አድነዋል፣ ምስጋና ይገባቸዋል። ፍትሕ ተገኘ ማለት ግን አይቻልም።

ወደ አራዳ ልመለስ። የክርክሩ ሥር ያለው እዚያ ነው።

ቅዱስ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ሲመሠረት የመሠረቱት የአራዳ ልጆች ናቸው። አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉት ወጣቶች ጓደኞቻቸውን አሰባስበው ቡድን አቋቋሙ፤ ስሙንም ከአራዳ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱ። ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ወራሪዎቹ የኢትዮጵያውያንን ቡድኖች ከጣሊያኖቹ ለይተው ለብቻቸው እንዲጫወቱ አደረጉ፤ የጊዮርጊስንም ስም አንስተው ቡድኑን «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አሉት። በዚህ ስም ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቃል የፋሺስቶቹ ምልክት ነው። የእሪ በከንቱ ጎረቤት የሆነውን የውቤ ሰፈርን ስም ግን ከቡድኑ ላይ መፋቅ አልቻሉም ወይም አልፈለጉም። ቡድኑ የዚያ ሰፈር መሆኑ ለጠላትም ግልጽ ነበርና። ስሙን የነጠቁት ክለብ ሜዳና ደጋፊ ግን ቀረለት፤ በነፃነት ማግስትም በቀድሞ ስሙ ተመለሰ።

ከዚያ የሚቀጥለው ታሪክ የመጀመሪያ ድል ከንቱ ነው ለሚሉት ቀጥተኛ መልስ ነው። በ1936 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው የሀገሪቱ ሻምፒዮና አምስት ቡድኖች ተወዳደሩ። ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ አንዱ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበረ፤ አምስተኛው ጊዮርጊስ ነው። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ናቸው። ጊዮርጊስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮንነት ያገኘው በ1942 ዓ.ም. ነው። ከተመሠረተ ከ14 ዓመት በኋላ ማለት ነው! በእነዚህ ዓመታት የአራዳ ሰው ቡድኑን ሲከተል የኖረው ዋንጫ አይቶ አይደለም። ያየው አንድ ጨዋታን ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በገዛ ከተማው፣ ትናንት በቀለም ከለየው ማኅበረሰብ ቡድን ፊት ቆሞ የሚጫወት የሰፈሩን ልጅ ነው። ድል ዋጋ የሚያገኘው በዓመቱ መጨረሻ ከዋንጫ ጋር ሲታሰር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ክለብ ደጋፊ አልባ ሆኖ በጠፋ ነበር። ይድነቃቸው ተሰማም ከሃያ ዓመት በላይ ለዚሁ ለአንድ ክለብ የተጫወተው፣ በኋላም የአፍሪካን እግር ኳስ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የመራው፣ ከዚህ ዓይነት ሜዳ ተነስቶ ነው።

አንዳንዶች የአዲስ አበባ ስታዲየም እኮ አራዳ ውስጥ አይደለም፤ ጊዮርጊስም፣ ቡናም፣ መቻልም፣ መድንም ሲጋሩት የኖሩት ሜዳ እንዴት የአንዱ ቤት ይባላል ይላሉ። መልሱን ስታዲየሙ ራሱ ይሰጣል። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ዳፍ ትራክ፣ ከማን አንሼ፣ ጥላ ፎቅ እያለ የመቀመጫውን ክፍል የሚጠራው ተመልካቹ ነው። ሰው ስም ሰጥቶ፣ ቦታ ለይቶ፣ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ አውቆ የሚገባበት ስፍራ ቤቱ ነው። በጋራ ግቢ የኖረ የአራዳ ሰው አንድን ውኃና አንድን በር ከጎረቤት ጋር እየተጋሩ ቤቴ ማለት እንደሚቻል ያውቃል።

የውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ የሜዳ ጨዋታ እዚህ ቤት ውስጥ የተለየ ነበር። ክረምቱን ሙሉ የተለያየ ሰው ይገናኛል። ማን እንደታመመ፣ ማን ሀገር ለቆ እንደሄደ፣ ማን እንዳረፈ የሚታወቀው ያን ቀን ባዶ በሚታየው መቀመጫ ነው። አባቱ በትከሻው ያመጣው ሕፃን ቢጫና ቀይ ማሊያ ለብሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ከበሮ ይሰማል። አዲስ የመጣው ተከላካይ ወይም አጥቂ ለደጋፊው ገና እንግዳ ነው፤ ኳስ ሲነጥቅ፣ ሲወድቅ፣ ሲነሳ ይታያል፤ ያስቆጠረ እንደሆነ በዘጠና ደቂቃ ውስጥ ስሙ ዜማ ይወጣለታል። ከዚያ ወዲያ የእኛ ነው። ቡድኑ ካሸነፈ ሕዝቡ በለገሃር አድርጎ ቸርችል ጎዳናን ሽቅብ ይዞ፣ በሁለት ጣቱ «ቪ» እያሳየ ወደ ፒያሳ ይወጣል፤ ስታዲየም ያልገባው ሰው ውጤቱን ከዘፈኑ ያውቃል። ሰኔ ላይ ለዋንጫ የሚዘፈኑት ዜማዎች የሚወለዱት፣ የሚጠኑትም በእነዚያ የጥቅምትና የኅዳር ምሽቶች ነው። ያ ድል ይህን ሁሉ ይሠራል። በቀጣዩ ሳምንት ቡድኑ ቢሸነፍ እንኳ የተሠራው አይፈርስም፤ ሽንፈቱን አብሮ የሚሸከም ሰው ተሰብስቧልና።

ይህ ሁሉ ከቆመ ዓመታት አለፉ። ክለቦች በየሜዳቸው የተጫወቱበት የመጨረሻው የውድድር ዘመን መጋቢት 2012 ዓ.ም. ላይ በኮሮና የተቋረጠው ነው። በ2013 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ሁሉም በአንድ ከተማ ይሰብሰብ ተባለ፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን አሠራሩ በዚያው ቀጠለ። ለመቀጠሉ የሚሰጡት ምክንያቶችም ክብደት አላቸው። ጨዋታዎችን ለቴሌቪዥን ሥርጭት ከአንድ ሜዳ መቅረጽ ወጪ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለዓመታት በእድሳት ተዘግቶ ቆይቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. በየስታዲየሙ የታየው ግጭት የሚረሳ አይደለም፤ ኳስ ሊያይ ወጥቶ ተፈንክቶ የተመለሰ ሰው አለ። የብሔር ቁጣ የክለብ ማሊያ ለብሶ ሜዳ የገባበት ጊዜ ነበር።

ነገር ግን ያ ግጭት የመጣው ደጋፊ ቤት ስላለው አይደለም። የመጣው ጸጥታው አስቀድሞ ስላልታሰበ፣ ትኬት ከመቀመጫ ቁጥር በላይ ስለተሸጠ፣ ጥፋተኛው ተለይቶ ሳይቀጣ ሁሉም በጅምላ ስለሚወገዝ ነው። ሸገር ደርቢን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ስታዲየም ውስጥ፣ የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያዩ ኖረዋል፤ የመረረ ፉክክር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን በዜማና በተረብ ያለቀ ፉክክር። ሰውን ከሜዳ በማስወጣት የሚገኝ ሰላም ሕመምተኛውን በማስወጣት ሆስፒታል ጤነኛ ሆነ እንደማለት ነው።

አሁን ለራሴ ክለብ የሚቀርበውን ጥያቄ ልመልስ። ጊዮርጊስ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ያለ ሜዳው እየተጫወተ በተከታታይ ሻምፒዮን ሆነ፤ ታዲያ ባለሜዳነት ለምን ያስፈልገዋል? እውነት ነው፣ ቡድኑ ለማሸነፍ አላስፈለገውም። ጥሩ ተጫዋችና ጥሩ አሠልጣኝ ያለው ቡድን ሁሉም እንግዳ በሆነበት ሜዳም ያሸንፋል። ሻምፒዮንነቱን ግን የአራዳ ሰው በስክሪን ነው ያየው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ድሬዳዋ ደግሞ ከዚያም ይብሳል፤ በቀን ሥራ የሚተዳደር ደጋፊ ጥቂት ጊዜ ይሄድ ይሆናል፣ ልጁን ይዞ ግን አይሄድም። በ2012 ዓ.ም. ሰባት ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፤ ክለቡን በአካል ሳያይ አድጓል። የአርሴናልን አሰላለፍ በቃሉ ይወጣዋል፤ የጊዮርጊስን ተከላካዮች ስም ግን አያውቅም። ልጁን የሚወቅስ ካለ ተሳስቷል። ሁለቱም ክለቦች ለእሱ ስክሪን ውስጥ ናቸው፤ ከሁለቱ ደግሞ የተሻለ ኳስ የሚጫወተውን መረጠ።

በ2015 ዓ.ም. መባቻ ጊዮርጊስ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ የሱዳኑን አል ሂላል ባህር ዳር ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ። በመልሱ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ድምሩ 2 ለ 2 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ሕግ ወደቀ። ገዥው አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚያየው መውደቁን ነው። የባህር ዳር ሕዝብ ለአዲስ አበባ ክለብ ሜዳውን ከፍቶ በክብር ማስተናገዱ የሚያኮራ ነው። እኔን የሚቆጨኝ ግን ያን የመሰለ የዓመቱ መክፈቻ ድል፣ ዘመን ሲለወጥ የተገኘ ድል፣ ቸርችልን ሽቅብ ሳይዘፈን መቅረቱ ነው።

የብሔራዊ ቡድኑም ታሪክ ተመሳሳይ ነው። ያ በ2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ጨዋታ በወረቀት ላይ የሜዳችን ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ውስጥ ነው፤ በሀገራችን መስፈርት ያሟላ ስታዲየም አልተገኘም ተብሎ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም ያንኑ ተጋጣሚ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ፣ ቀኑ ሜዳውንና ሕዝቡን ይዞ በታሪክ ቀረ። ሽማግሌዎች የት ቆመው እንዳዩት ይነግሩናል። የሊሎንግዌን ድል ግን የት ሆኜ አየሁት ብሎ የሚተርክ አያት ወደፊት የሚነግረን የቴሌቪዥን ወሬ ነው። በ1954ቱ ድል ዋንጫ ተገኝቷል፣ በ2014ቱ አልተገኘም፤ ልዩነቱ እሱ ነው የሚል ይኖራል። ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን የኳስ ትዝታችን ከቦታ ጋር የተጣበቀ መሆኑን የሚክድ የለም።

ለአራዳ ነገሩ ዛሬ ይበልጥ አጣዳፊ ነው። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ በፒያሳ ዙሪያ የነበሩ ሰፈሮች ፈርሰዋል፤ ነዋሪዎቻቸው በከተማዋ ዳርቻ በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ስለ ልማቱ መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ሰፈሩ ከተበተነ በኋላ እነዚያን ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ፣ ያለ ጥሪ ካርድ የሚሰበስብ ምን ቀረ? ዕድርና ማኅበር አለ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ክለቡ ነው። ጊዮርጊስ በሜዳው ቢጫወት ከአያትም፣ ከአቃቂም፣ ከጎሮም የሚመጣ የቀድሞ የእሪ በከንቱ ሰው ጎረቤቱን ስታዲየም ውስጥ ያገኘው ነበር። ሊጉን በሚመሩ ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ይህ ጥቅም እንደ ሥርጭቱና እንደ ጸጥታው ተቆጥሮ መቅረብ አለበት።

ሁሉም ነገር በአንድ ዓመት ይመለስ አልልም። የሜዳ ደረጃ፣ የካሜራ ወጪ፣ የጸጥታ ዝግጅት ጊዜ ይጠይቃሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ አክሲዮን ማኅበርና ፌዴሬሽኑ ከመጪው የውድድር ዘመን ጀምሮ ቢያንስ የእያንዳንዱን ክለብ የመጀመሪያ የሜዳ ጨዋታ በገዛ ከተማው፣ በገዛ ደጋፊው ፊት እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። ለአዲስ አበባ ክለቦች የአዲስ አበባ ስታዲየም ካልተመቸ አበበ ቢቂላ ስታዲየም አለ። ትኬቱ በመቀመጫ ቁጥር ይሸጥ፤ ያጠፋ ይቀጣ፤ የክለቦቹ የደጋፊ ማኅበራትም ለሥርዓቱ ኃላፊነት ይውሰዱ። የስፖርት ጋዜጠኞችም ጥቅምት ላይ የሚጨፍረውን ደጋፊ «ገና ነው» ከማለታቸው በፊት፣ ያ ሰው ከማን ጋር ሊጨፍር እንደመጣ ይጠይቁት።